አረፋ የሌለበት

በየሦስት ወሩ አንዴ፣ ጉሙ ሳይነሳ ከወደቡ፣
ስድስት ብልቃጥ በሳጥን፣ በረዶ በጎን በጎኑ፣
ስፕሩስ አርም ጫፍ ላይ፣ ኒውፋውንድላንድ ካለቀበት፣
ቧንቧውም ካለቀበት፣
የቨርና ፒርሲን በር አንኳኳለሁ በጠዋት።

የመጨረሻዋ ቤት ናት። ከሷ ወዲያ ባሕር ነው።
ከጣቢያዬ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ ውሃው
ስድስት ቀን በጨለማ፣ በቧንቧ ሆድ ይጓዛል፤
ያረጃል።
ያረገዘውን ሁሉ መንገድ ላይ ይወልዳል።

«መጣህ ወይ የክሎሪኑ?» ትለኛለች እየሳቀች፣
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ወንበር ወደኔ እየገፋች።

ቧንቧውን ለቅቄ ሰዓቴን አያለሁ፤
ብልቃጧን ዘንበል አድርጌ በጎኗ እሞላለሁ፣
ከአፏ በላይ ጉብ እስኪል፣ እንባ እንዳቀረረ ዓይን፤
ሊፈስ ሲል፣ ሳይፈስ፣ እደፍናለሁ ክዳኑን።
ገልብጬ በጣቴ መታ መታ።
አንዲት አረፋ ከታየች ልፋቴ ሁሉ ከንቱ፤
የምፈልገው በሷ በኩል አምልጧል።
ስሙ ረጅም ነው፣ ትራይሃሎሜቴን፤
ትንሽ አየር ካገኘ ይተናል።

ኩሬያችን ቡናማ ነው፣ ሻይ የፈላበት መሳይ፤
ረግረጉ ከታች ይገባል፣ የጥቅምት ቅጠል ከላይ።
እኔ ክሎሪን እጨምራለሁ፣ ተህዋሲው እንዲሞት።
ይሞታል። ገዳዩ ግን እጁን እንኳ ሳይታጠብ
ከቅጠሉ ጋር ይተኛል፤
ስም አውጪ ያልተጠራለት ልጅ ከዚያ ይወለዳል።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት፣
ፖስታ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፦
«የዓመቱ አማካይ ከተፈቀደው ልክ አልፏል።
ድንገተኛ አደጋ የለም። ውሃውን መጠጣት ይቻላል።
ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ ግን…»
ከ«ግን» በኋላ ያለውን ዝናብ አጥቦት ሄዷል።

ቨርና ከዝናቡ ቀድማ አንብባዋለች።
«ብዙ ዓመት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።
«እኔ ሰማንያ አንድ። ሴድሪክ በሰባ ሦስቱ ቆመ።
የሽንት ፊኛው ነበር። ሲጋራ አላጨሰ፣ ፋብሪካ አልዋለ፣
ዕድሜውን ዓሣ ነው ያጠመደው።
ውሃው ነው?»

ዝም አልኩ። ቧንቧው ይፈሳል።
ጥናቱ ስለ መቶ ሺህ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል፤
ስለ አንድ ሰው ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል።

«የአባቴ እኅቶች» አለች፣ «ሦስቱም ባንድ ሳምንት ተቀበሩ።
ታይፎይድ። ክሎሪን የሚባል አልነበረ።
የጉድጓድ ውሃ ነበር የሚጠጡት፣
እንደ መስታወት የጠራ፣ ፊትህን የምታይበት።
ከድጡ ወደ ማጡ እንዳትለኝ፤
እኛ ከማጡ ሸሽተን ድጡ ላይ ነው የቆምነው።
መቆም ከተባለ።»

ማታ ማታ ጆጉን ክፍት ታሳድራለች፣ የሚበነው ይብነን ብላ።
ገላዋን ስትታጠብ፣ በየካቲት ውርጭ እንኳ፣ መስኮት ትከፍታለች።

የከሰል ማጣሪያ አለ። ዋጋውን ምክር ቤቱ ያውቃል።
ሁለት መቶ አሥር ነፍስ ነን፤
በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ያስቃል።

ሌሊት ጣቢያው ውስጥ፣ ፓምፑ ጠብ ጠብ ሲያደርግ፣
መዘውሯን ይዤ እቆማለሁ።
ወደ ቀኝ ባዞራት ሴድሪክ፤
ወደ ግራ ባዞራት ሦስቱ እኅቶች።
በመካከል ያለችው መንገድ ጣቴን አታክልም፤
መንደሩ እዚያች ላይ ነው የሚተኛው።

«ጨርሰህ ሻይ ጠጣ።» ከዚያው ቧንቧ ቀዳች።
ጠጣሁ። ምን እላለሁ? እሷም ጠጣች።
የመጨረሻዋን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አነሳሁ፤ ገለበጥኳት፤
የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል
አረፋ ወደ ላይ ወጣች።

ደፋሁት።
ከሳጥኑ ሌላ ብልቃጥ አውጥቼ ክዳኗን ፈታሁ፤
ውሃውን እንደገና ለቀቅሁ።