ኋላ ማርሽ የላትም

ሞተሯ የሞተር ሳይክል፣ ወንበሯ ለሁለት፣
ጣልያኑ መካኒክ በዕዳው የለቀቃት፣
አባቴ እንድሪስ ብቻ «መኪና» የሚላት።
ሌላው «ሣጥን» ይላል፣ ልጆቹ «ጥንዚዛ»፣
ሰኞ ገበያ ስትገባ እናቴን ይዛ፣
ጭሷ ከኋላዋ፣ ሳቁ ከኋላዋ፣
ፈንዲሻ ሲፈነዳ የሚመስል ድምጧ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ኋላ ማርሽ የላትም።
የሠራት ሰው ረስቶት ይሁን ጠልቶት፣ አላውቅም።

ዶሮ መዝለያ ላይ፣ ጉም በወረደበት፣
ኤንትሬ ገጠመን፣ ልክ በጠበበበት።
«ወደ ኋላ በላት!» አለ ሾፌር ተቆጥቶ፣
አባቴ ወረደ ኮቱን ለኔ ሰጥቶ፣
ጭራዋን አንስቶ፣ እንደ ጥጃ አዙሮ፣
ዳር አቆመን፤ ውስጥ ነን፤ እናቴ፣ እኔና ዶሮ።
ኤንትሬው አለፈን። ሾፌሩ ሊስቅ ብሎ
ተወውና፣ ባርኔጣውን ነካ፣ አንገቱን አዘንብሎ።

ዘንድሮ ገዢ መጣ፣ ከኮምቦልቻ ወጥቶ፣
ሸራዋን ገለጠ፣ ዝገቷን ነካክቶ፣
«ኋላ ማርሽስ አላት?»
እናቴ ዝም አለች።
የበሩን እጀታ በሻሿ ጫፍ ወለወለች።
«ነበራት» አለችው፤
«አምና ግንቦት ቀበርነው።»