የጋን ክዳን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣
ሚስቴ ለዘይት የሰጠችኝን ብር ኪሴ ውስጥ እያሸሁት፣
ከፖስታ ቤት ሽቅብ ቸርችልን ወጣሁት።
ሰው ወደ ስታዲየም ይወርዳል፣ ሰው ሲኒማ ይገባል፣
እኔን ግን ጣቴን ይበላኛል፤
አቧራ ካልጠረገ፣ ካርቶን ካላመሰ፣
ሳምንቱ አላለቀም፣ እሁድም አልደረሰ።

የምፈልገው ሸክላ ነው፤ ባለ አርባ አምስት ዙር፣
በሁለት ፊቱ ሁለት ዘፈን የሚያሳድር፤
ቤዙ ከወለል ሥር እንደ ሰው የሚጣራ፣
ጡሩምባው ከላዩ እንደ አውራ ዶሮ የሚኮራ፣
ጊታሩ እንደ ልጅ፣ ምላሱን እንደፈጀው ሚጥሚጣ፣
«ቸክ ቸክ» ሲል አምሽቶ ከምቱ የማይወጣ።
ሶል ይሉታል፣ ፈንክ ይሉታል፤
እኔ ስሙን አላውቅለትም፤ ጉልበቴ ግን ያውቀዋል።

ጋሽ ማንያዘዋል፣ ሰዓት አዳሹ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁለት ላይ፣
በአንድ ዓይኑ ሰዓት፣ በሌላው እኔን ሲያይ፣
«ዛሬ የለም» አለኝ፤ «ያለውን ወሰዱት፤
እነዚያ ፈረንጆች በዶላር ጠረጉት።
ግን ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቱ ኋላ፣
የሺሐረግ ዘንድ ግባና ጠጣ እስኪ ጠላ፤
ጠላውንስ ተወው፤
የጋኑን ክዳን ነው።»

ገባሁ። ከሁለት ሽማግሌዎች መሐል ተሸጎጥኩ።
ጋኑ ጥግ ይዟል፣ ከነሆዱ፣ እንደ ባለጸጋ፤
አናቱ ላይ ጥቁር ሸክላ፤ ሸክላ በሸክላ የተዘጋ!
መሐሉን፣ ቀዳዳውን፣ በጨርቅ ወትፋዋለች፤
«ዝንብ እንዳይገባ ነው» ብላም አስረድታኛለች።
ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
ዘፋኝ ከነነፍሱ ጋን ሲጠብቅ ግን አላየሁም ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ስንት?» አልኩ እንደ ዋዛ፤
ሰብሳቢ ሲያምረው ያዛጋል፤ እኔም አዛጋሁ እንደማይገዛ።
«ምኗን?»
«ክዳኗን።»
ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ሳቁ።
«ክዳኔን ሸጬ ጋኔ ምን ይለብሳል?
ይልቅ ክዳን አምጣ፤ ክዳን በክዳን ይካሳል።»

በዘይቱ ብር ባለ እጀታ የብረት ክዳን ገዛሁላት፤
ጨርቁን መዝዛ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ልትሰጠኝ ስትል እጇ ዘገየባት።
በወረቀቱ ክብ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ የተጻፈ ነገር አለ፤
ግማሹን ጠላ ጠጥቶታል፤ ግማሹ ግን ዋለ፦
«ለየሺ። ለዳንሱ። ጥር ስልሳ አራት።»
ፈራሚው ተፍቋል፤ ወይም እሷ ፍቃው ይሆናል አንድ ሌሊት።

አልጠየቅኩም።
«አሁንም ይጮሃል እንዴ?» አለች።

እሁድ ማጫወቻዬን በአንሶላ ጠቅልዬ መጣሁ፤
ሌሊቱን በለብታ ውሃ አጥቤ፣ ከመስመሩ ውስጥ ጌሾ አወጣሁ።
መርፌው ወረደ።
መጀመሪያ ዝናብ ብቻ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚያንጠባጥብ፤
ከዚያ ከበሮ፣ ከዚያ ቤዙ፣ በግድግዳው ጭቃ ሲርመሰመስ እንደ ንብ፤
ከዚያ ጡሩምባው፤ የሺሐረግ እጇን ጠርጋ ተነሳች፤
ሰባ ዓመቷን እንደ ነጠላ አግዳሚው ላይ ጣለች።
እስክስታ አልነበረም፤ ትከሻዋ ዝም፤ ተረከዟ ብቻ ሸርተት፣
ጉልበቷ እጥፍ፣ ዘርጋ፤ ሰዓት እላፊ ያልታወጀ ይመስል ከዚያች ሌሊት።
አንዱ ሽማግሌ ጣሳውን አስቀመጠ፤
ሌላው «አይ ያቺ ልጅ!» አለ፤ ድምፁ ተቆረጠ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን ጭረት አለ፣ የጋኑ አፍ የሞረደው፤
«ነይ» ይላል ዘፋኙ፣ «ነይ»፣ «ነይ»፤ አንዱን ቃል ብቻ ወደደው።
ጣቴን ስሰድ፣ መርፌውን ላሻግር፣
«ተወው» አለች፤ «ይጣራ። ያኔ እንኳ እንዲህ አልለመነኝም ነበር።»

ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል።
የሺሐረግን አራተኛ ፎቅ ሰጧት ይላሉ፤ ጋኑ ደረጃ ይውጣ አይውጣ
የነገረኝ የለም፤ ጋሽ ማንያዘዋልም ከሱቁ ወጣ።

እኔ ማታ ማታ አሰማዋለሁ። ጭረቷ ጋ ሲደርስ እጄን አልሰድም።
ሚስቴ ከጓዳ «ተበላሸ እኮ!» ትላለች።
አልተበላሸም።