ነገረ ፈጅ

ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ሳይበረታ ገና የድሬ ፀሐይ፣
ጠርሙስ ይዤ ወረድኩ ደቻቱ አሸዋ ላይ።
ወንዝ ይሉታል እንጂ መንገድ ነው በበጋ፣
ግመል ያልፍበታል፣ ይነገድበታል፣ እስኪመጣ አደጋ።
እኔ ግን ሄድኩኝ ከድልድዩ ግርጌ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ ጓንቴን አድርጌ፣
ቱቦው ከሚተፋው ጥቁር ውሃ ቀዳሁ፣
ክዳኑን አጥብቄ ቀኑን ጻፍኩበት፣ ጠርሙሱን አነሣሁ።

«አንቺ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ ጫት ሻጯ፣
ከወሬ ይሁን ከጫት ያበጠው ጉንጯ።
«ቀለበት ነው?» አለች። «መድኃኒት ነው» አልኳት።
ድልድዩን እስክሻገር ሳቁ አልለቀቃት።

አልጋ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ሮብሌ ጉሌድ ነው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐዲድ የጠበቀው፣
ባንዲራ አውለብልቦ፣ ፋኖስ አንጠልጥሎ፣
የጅቡቲን ባቡር «እለፍ!» «ቁም!» ብሎ።
ስኳር ያዘው ኋላ። ምስማር ወጋው እግሩን።
አልተሰማውም ነበር፤
መግሉ ነው የነገረው፣ አርጥቦ ካልሲውን።
መርፌው ተሞከረ፣ ክኒኑ ተዋጠ፣
ጀርሙ ግን ለመደው፤
ከመድኃኒቱ ጋር ወግ እያወጋ አብሮ ተቀመጠ።
በሳህን ሳበቅለው ቀለሙ አረንጓዴ፣ ሽታው እንደ ወይን፣
ክፋቱን ባላውቀው ያማልል ነበር ዓይን።
ሐኪሙም ወስኗል፣ እግሩ ሊቆረጥ ነው፤
ቀኑ ብቻ ነበር ገና ያልተቆረጠው።

ያንን እድፍ ውሃ አሽከረከርኩት፣ አጣራሁት ደግሜ፣
ከሮብሌ ጀርም ጋር አገናኘሁት፣ ከጠረጴዛው ቆሜ።
በውስጡ አንድ ፍጡር አለ፣ በዓይን የማይሞላ፣
ሌላውን የማይነካ፣ የራሱን ጀርም ብቻ መርጦ የሚበላ፣
በቀጫጭን እግሮቹ ጀርባው ላይ የሚያርፍ፣
ወግቶ የሚገባ፣ ሆዱ ውስጥ ራሱን ደጋግሞ የሚጽፍ፣
ቤቱ ሲሞላበት ግድግዳ ጥሶ የሚወጣ።
ፈረንጅ «ፌጅ» ይለዋል፤ እኔ «ፈጅ» አልኩት፣
ስሙን ሳልተረጉም ግብሩን አገኘሁት።
ነገረ ፈጅ ይሁን፣ ለዚያ እግር ይሟገት፣
ከሳሽ በበዛበት፣ ጠበቃ በጠፋበት ችሎት።

መብራት ሄደ ሌሊት። ማሞቂያ ሳጥኑ ቆመ።
ለነገሩ ድሬ ናት፤
በዚህ ከተማ ማን ሙቀት አጥቶ ያውቃል?

ሲነጋ ሳህኑን ወደ መስኮት አነሣሁት።
ጭጋግ የመሰለው የጀርሙ ምንጣፍ ላይ
ቀዳዳ።
ቀዳዳ።
ብል እንደ በላው ጋቢ።
ክብ፣ ጥርት ያሉ፤ ሰባት ቆጠርኩ፣
በሰባቱም በኩል የለገሃሬን ሰማይ አየሁ።

ለሮብሌ ነገርኩት። «ከየት አመጣሽው?»
«ከደቻቱ» አልኩት። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ አልጋውን ነቀነቀው።
«ደቻቱ? ያ ሌባ! በዚያ የጎርፍ ሌሊት
ቤቴን ከነበሩ ሲወስደው አየሁት።
ሁለት ፍየል፣ ራዲዮ፣ የጡረታ ደብተር…»
ዝም አለ።
የሚቆጠር ሌላም ነበር።
«እና አሁን» አለ ቆይቶ፣ «ያ ወንዝ በጠብታ ሊከፍለኝ ነው?
ግድ የለም፤ ከክፉ ባለዕዳ ገለባም ይቀበሏል።»

ግን ሳህን እግር አይደለም። ወግ አለው ነገሩ፤
ይጣራ፣ ይለካ፣ ይነቀል መርዙ ከነሥሩ።
ደብዳቤ ጻፍን። ማኅተም። ቁጥር። ግልባጭ።
መልሱ መንገድ ላይ ሳለ ሐሙስ ደረሰ፣
ቢላዋ ደብዳቤ አይጠብቅም።
ሦስት ጣት ወሰዱ፤ የቀረው እግር ገና ቀጠሮ ላይ ነው።

ፈጁ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣
ብልቃጡ ላይ በእርሳስ፦ «ሮብሌ ፩»።
በገባሁ ቁጥር ይጠይቀኛል፣ «ስሜ በረደው?»
ትናንት ግን አልቀለደም።
«ባቡሩ ቆሟል፣ ሐዲዱም ደኅና ነው፤
ባንዲራው ያለው ማን እጅ ላይ ነው?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። ፋሻውን አጠበቅሁለት።

ነገ ጠዋት ደግሞ ጠርሙስ ይዤ እወርዳለሁ፤
ጀርሙ ይለወጣል፣ ፈጁም ሌላ ፈጅ ይሻል።
ጫት ሻጯ ከሩቅ ትጣራለች፣
«ቀለበቱን አገኘሽው?»
«ሰባት አገኘሁ» እላታለሁ።