ሰባ ሦስት ጭረት

ከባሕር ዳር መጣች፣ በአይሱዙ ተጭና፣
ሠራተኛ ሰፈር፣ በሸራ ተሸፍና።
የጀልባ ጭንቅላት፣ ተነቅሎ ካንገቱ፤
መሪዋ ይዞራል፣ ውኃው የት አባቱ!

ፈንታሁን ካፒቴን «አድስልኝ» አለኝ፣
«በፎርማይካ ለብጣት፣ አምፖሉን ቀይርልኝ፣
ለጥቅምት እንግዳ አለ፣ እንዳታሳፍረኝ።»

ጣናን አላየሁም። የማውቀው ውኃ ቢኖር
ራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣
ጥቁር፣ ፌስታል የሚያሻግር።

በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ቀን ፋቅኋት።
አረንጓዴው ሄደ፣ ሰማያዊው ሄደ፣
ነጩ ተከተለ፣ ዋንዛው ተወለደ።
ከመሪው ግራ ጎን፣ ምስማር የጫረው፣
አምስት አምስት ታስሮ፣ ሰባ ሦስት መስመር ነው፤
የመጨረሻው እሥር ሦስት ላይ ነው የቆመው።

ደወልኩ።
«የአባቴ እጅ ነው» አለ።
«ምኑን ነው የቆጠረው?»
«ሳይነግረኝ ሞተ።» ዝም ሲል ሞተር ይሰማል።
«ፎርማይካውስ?» አልኩት።
«እሱ ይቀራል።»

ጭረቱን በስቱኮ ሳልሞላ፣
ቫርኒሽ ሦስት እጅ አጠጣሁት።
ማታ ዝናብ ጣለ፤ ቱቦው ጢም ብሎ መንገዱን ወረረ፤
ሸምሱ ረዳቴ፣ መሪውን ጨብጦ፦
«ባሕር ዳር በፒያሳ! አንድ ሰው የቀረ!»

ወለሉ አዲስ ነው።
ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።