በቅሎዋ

ከታይናን ሲነሳ የማለዳው ባቡር፣
ባውጁ ዘረጋቻት አዲሷን ጭኗ ላይ፤
«ላፕቶፑን ሸጥኩት፣ ታብሌቱንም ጭምር፤
ለሁለቱም ሥራ አንዷ አትበቃም ወይ?»
ብላ ነበር ትናንት እናቷ ስትቆጣ፣
የሁለት ወር ደመወዝ በአንድ ቀን ሲወጣ።

ስክሪኗ ሲነቀል ታብሌት ነኝ ትላለች፣
ኪቦርድ ሲገጠምላት ላፕቶፕ ትሆናለች፤
እግረ ቀጭን ናት ግን፣ ጠረጴዛ ለምዳ፣
ባቡሩ ሲታጠፍ ትቆማለች ገዳዳ።
ማታ ሲነበብባት በጀርባ ተንጋሎ፣
ይመጣል ክብደቷ አንጓን አዛዝሎ።

«በቅሎ፣ አባትሽ ማነው?» — «ፈረስ ናት እናቴ!»

ጂያዪ ሲደርሱ ቦርሳዋን ከፈተች፤
«ሸጥኩት» ያለችውን ላፕቶፕ አወጣች፤
ሳትከፍተው ጭኗ ላይ እንደ ጣውላ አስተኝታ፣
አዲሷን በጀርባው አቁማ፣
የጎርፉን ሪፖርት ቀጠለች በዝምታ።