ጠያቂ

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ፣ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት፣
"ቀበቶው ላልቷል" አልኩት ሾፌሩን፤ ማን ጠይቆኝ? በድምፁ ለየሁት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ፣ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ
የማሽን ሐኪም ነበርኩ፤ ሳልጠይቅ ብሎን የማልነካ።
"መቼ ጀመረው? ሲሞቅ ነው? ማታ ነው ወይስ ጠዋት?
ትናንት ማን ነካካው? ምን ዓይነት ዘይት ነው የሰጡት?"
እንዲህ ስል ነው ያረጀሁት።

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣
ካርድ ክፍሉ ደጅ ሰልፉ እንደ ክር ተስቦ፣
ተራዬ ደርሶ፣ ልጄ ከሚያህል ዶክተር ፊት ስቀመጥ
ያ ሁሉ ጥያቄ ምላሴ ሥር ሲሟሟ፣ ሲቀልጥ።
"ገባዎት አባባ?"
"አዎ ጌታዬ።"
"በሰዓቱ ይወስዳሉ አይደል?"
"እንዴታ ጌታዬ።"

ምኑም አልገባኝ።
ነጩን ክኒን፣ ሲያዞረኝ ጊዜ፣ ትቼዋለሁ ካለፈው ወር፤
እንዳይቆጣ ብዬ ዝም አልኩ፤
ደሜ ግን ዝም አላለም ነበር።

ውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ ጦይባ የምትባል የሐይቅ ሴት
የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ብር መሰለኝ፤ ወረቀት።
ልጇ የጻፈላት፦
"ይህ ክኒን ለምኑ ነው? ቢያዞረኝስ? ብተወውስ ምን ይመጣል?"
"ባላነብም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ወረቀቱ ለድፍረት ይሆነኛል።
እሱ መጽሐፉን ያውቃል፤ ሌሊቱን የማነጋው ግን እኔ፤
ካልነገርኩት በምን ይወቅ? አብሮኝ አያድር ከጎኔ!"

አፈርኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ፤
የወጣሁበትን በር መልሼ ገፋሁ።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር…" እጄ በሩ ላይ ተንቀጠቀጠ፤
"ነጩን ትቼዋለሁ። ዓለም ይዞርብኛል።" ብዕሩን አስቀመጠ።
አልተቆጣም።
"መቼ ጀመረዎት? ሲነሡ ነው? ጠዋት ነው ወይስ ማታ?"
የኔው ቃል! ያ የማሽኑ! በዚያው ቃና፣ በዚያው እርጋታ።
መጠኑን ቀነሰ፤ "ደብተር ይግዙ" አለኝ፣ የግፊቴን ቁጥር እንድጽፍ፤
ገዛሁ ባለ ሃምሳ ቅጠል፣ ከሆስፒታሉ ደጃፍ።

ስታመም፣ ጠያቂ የለኝም ብዬ ነበር የማዝነው፣
ልጆቹ ሩቅ፣ ጎረቤቱም በየፊናው፤
ለካ ጠያቂ ያጣሁት እኔው ዝም ብዬ ነው።

ስወርድ ያው ሚኒባስ፣ ያንኑ ሲጥ ሲጥ ይላል።
"አላሠራኸውም?" አልኩት።
"ምን ሆኖ?" አለኝ።
"እሱን ጠይቀው፤ ይነግርሃል።"