በልክ

ሥራውን የሰጡኝ ከነቱታው ነው፣
መርሻ ጡረታ ሲወጣ ሚስማር ላይ ከተወው።
እጅጌው ጣቴን ዋጠው፣ ትከሻው ወደቀ፣
ሱሪው የአራዳን አቧራ ሲጠርግ ጫፉ አለቀ።
«ትለምደዋለህ» አሉኝ፤ ፈርሜ ተቀበልሁ፤
የውኃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ቁጥር ለቃሚ ሆንሁ።

በር አንኳኳ፤ ጎንበስ በል፤ ክዳኑን ግለጥ፤
ቁጥሩን ጻፍ፤ ቀና በል፤ ወደ ቀጣዩ ሩጥ።
ከፒያሳ ሳሙና በር፣ በቀን ሰማንያ ቤት፣
«ውኃው የታል?» የሚል ሰማንያ ፊት።
ውኃው ሲመጣማ፣ በስንት ቀን ቢመጣ፣
ቀድሞት አየሩ ነው ቆጣሪ እያሾረ የሚወጣ።
ሰዉ ለነፋስ ይከፍላል፣ እኔ ነፋስ እጽፋለሁ፣
ሌሊት ጨጓራዬን ይዤ ጣራ ስቆጥር አነጋለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ሳልፍ ሰፊው አያልነህ አየኝ፣
«ና እስቲ» አለ፤ ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ለካኝ።
«ጨርቁ የመንግሥት ነው» ብለው፣ በጠመኔ እያሰመረ፣
«ገላውስ?» አለና ክሩን ቋጠረ።
«አልቆርጠውም፣ አትፍራ፤ ወደ ውስጥ አጥፈዋለሁ፤
የሚጠይቅህ ቢመጣ ፈትቼ እመልሰዋለሁ።»

እንግዲህ ልብስ ነው ያስተማረኝ፤ ሌላ አልተማርሁም።

መንገዴን ገለበጥሁት፤ ከዳሩ ጀመርሁ፣
ከማራኪ ማዶ ተነሥቼ ወደ ቤቴ እየቀረብሁ።
ጉልበቱን የሚያመው አስረስ ድምሩን ወሰደልኝ፣
እኔም ዳገቱን ወሰድሁለት፤ ቁጭ ማለት ነው የሚገድለኝ።
ጆሮዬን ከብረት ለጥፌ ቧንቧ ማድመጥ ለመድሁ፣
በቅጹ ህዳግ ላይ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ጻፍሁ፦
«እዚህ መሬት ውስጥ ያፈስሳል።» «ይኼ የቆጠረው አየር ነው።»
«እማማ ውድነሽ አይሰሙም፤ በሩን ጠንከር አድርገው።»

ደመወዜ ያው ናት።
እንቅልፌ ግን መጣ፤
ሰማንያው ፊት አንድ በአንድ ስም አወጣ።

አቶ ጌታሰው ተቆጡ፦ «ቅጹ ህዳግ የለውም!»
እንደጻፍሁት ቆፍረው ውኃ ሲያገኙ፣ ምንም አላሉም።
ኋላ ግን ያን ህዳግ አሳትመው መጡ፣
«ከነገ ሁሉም ይሙላ» ብለው ትእዛዝ አወጡ።
አስረስ ዐሥር መስመር ሲሞላ ዐሥር ጊዜ ተነፈሰ፤
የእኔ ልክ በሱ ገላ የመርሻ ቱታ ሆኖ ተለበሰ።

ዘንድሮ ለእኔ አዲስ ሲደርሰኝ አሮጌው ለጀማሪው፣
ለይርጋ ተሰጠ። የይርጋ ትከሻ ሰፊ ነው።
ክንዱን ቢያስገባ ስፌቱ ጮኸ፤ አንገቱን ደፋ፤
«እለምደዋለሁ» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ጠፋ።

የብብቱን ስፌት ገልጬ ውስጡን አሳየሁት፤
የታጠፈው ጨርቅ አለ፣ ሰማያዊው ሳይለቅ፣
እኔ ስዞርበት የኖርሁት ፀሐይ ያላየው።
«ቅዳሜ ገበያ ውጣና አያልነህን ጠይቅ።»